በብስክሌት ወደ ሌላኛው ዝቋላ

ከባሕር ዳር ስነሳ

እናቴ እህት እንዳላት የሰማሁት በ1996 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት እጠግናለሁ፣ ለሚፈልግም አከራያለሁ። እናቴ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሱቄ ድረስ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እኔ የተበሳ የጎማ ካላማዳሪ በማስቲሽ እያጣበቅሁ ነበር።

«እህቴን በጸሎት ሳነሳት ከሕያዋን ጋር ላንሳት ወይስ ከሙታን?» አለችኝ።

«የምን እህት?»

«ታናሼ ናታ። አበሩ።»

ለሌላ ሰው የተናገረች መስሎኝ ወደ በሩ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። እኔ የማውቃት ወርቄ፣ እናቴ፣ በስልሳ ስድስቱ ድርቅ ልጅ ሆና ከአገሯ የወጣች፣ ሰው ቤት ሠርታ ያደገች፣ እናት አባቷ ያለቁባት ሴት ናት። እህት የሚባል ነገር በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። አገሯን ስጠይቃት «ዝቋላ» ትለኝ ነበር፤ እኔም ሸዋ ያለውን ባለ ገዳሙን ተራራ እያሰብኩ አደግሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ እንደውም «የእናቴ አገር ነው» ብዬ ጉራ ነዝቼበታለሁ።

«ደብረ ዘይት ጥግ እኮ ነው፤ በአንድ ቀን ደርሼ እጠይቅልሻለሁ» አልኳት።

ሳቀች። «ያ የመነኮሳቱ ነው። የእኛ ዝቋላ ዋግ ነው፣ ከሰቆጣ ወዲያ። መንደራችን ጽጽቃ ከምትባለው ከተማ ወዲህ ነው።»

ከዚህ በላይ ያወጣሁት ነገር የለም። ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም ብላት «አልጠየቅኸኝማ» አለች። ሄጄ እፈልጋታለሁ ስላት ግን አልከለከለችኝም፤ ጥቂት አሰበችና «ብታገኛት ለእሷው ብቻ ንገራት። ለሌላ ሰው አፍህን እንዳትከፍት» አለች። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ያን ሰሞን ያልገባኝን መቁጠር ትቼ ነበር።

በብስክሌት ልሂድ ያልኩት ለምን እንደሆነ ብጠየቅ፣ ከሰቆጣ ወዲያ መኪና እንደ ልብ አይገኝም የሚል መልስ ነበረኝ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የፈረንጅ ብስክሌተኞች ዕቃቸውን ከኋላ ጭነው በከተማችን ሲያልፉ እያየሁ ስንት ዓመት ሙሉ ቀንቻለሁ። ምክንያት ስፈልግ ኖሬ ምክንያቱ በእግሩ ሱቄ መጣ። የቻይና ብስክሌቴን ፈታትቼ ገጠምኩ፤ መለዋወጫ ራጂ፣ የጎማው ሽቦ ማለት ነው፣ ንፋስ መሙያ ፖምፓ፣ ጋቢ፣ በሶና ቆሎ ጫንኩ። እስከ ወልድያ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስሬው፣ አቧራ ለብሼ ደረስኩ።

ከወልድያ ወደ ኮረም

የቆቦ ሜዳ ለጀማሪ ብስክሌተኛ የተሠራ ነው። ማሽላው ታጭዶ አልቆ አገዳው ብቻ ቆሟል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ግመል የሚነዱ ሰዎች ቆመው ያዩኛል፣ እኔም እጄን አነሳላቸዋለሁ። ቆቦ ላይ በሦስት ብር ሽሮ በላሁና ራሴን እንደ ጀግና ቆጠርኩ።

ከአላማጣ በኋላ ጀግንነቱ አለቀ። ግራካሱ የሚባለው ዳገት እንደ እባብ ተጠማዞ ተራራው ላይ ይወጣል። ብዙውን ገፍቼ ነው የወጣሁት። ቁልቁል የሚመጡ ሾፌሮች ጡሩንባ እየነፉ ይስቁብኛል። ከላይ ስደርስ ላቤ በብርዱ ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘ፤ ኮረም ጋቢዬን ተከናንቤ ገባሁ። ታች በረሃ፣ ላይ ብርድ፣ ያውም በአንድ ቀን። ሰውነቴ የትኛውን ይመን?

የነፋሱ መንገድ

ከኮረም ወደ ሰቆጣ አስፋልት የለም። ጠጠርና አቧራ ነው፣ ያንንም ነፋሱ የሚያነሳው። እኔ ነፋስ አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ ጣና ዳር ነው ያደግሁት። የዋግ ነፋስ ግን ሌላ ነው። ቁልቁለት ላይ ፔዳል ሳልመታ የማልሄድበት ጊዜ ነበር። ከፊት ይመታኝና መንገዱ ሲታጠፍ «አሁንስ ከኋላዬ ይሆናል» ስል እሱም አብሮኝ ታጥፎ ከፊት ይጠብቀኛል። አፌ፣ ጆሮዬ፣ በሶዬ ሁሉ አሸዋ ሆነ። ኮረብታዎቹ ራቁታቸውን ናቸው፤ አፈሩ ተጠርጎ የቀረው ድንጋይ ነው፣ ከድንጋዩ ጋር የሚመሳሰሉ ፍየሎች ተበትነውበት። እሾህ ሁለቴ ጎማዬን በሳብኝ። ሁለተኛውን ስጠግን ጀሪካን ያዘሉ ሁለት ሴቶች መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ይህ ነገር ሰው ይጭናል አይደል?» አለች አንደኛዋ።

«ይጭናል።»

«ታዲያ ዳገቱን ስትገፋው አየንህ። እሱ አንተን አይጭን፣ አንተ እሱን ትጭናለህ።» ተሳሳቁና ከጀሪካናቸው ውሃ አጠጡኝ። በመንገዱ ሁሉ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ይኸው ነው።

ሰቆጣ የገባሁት ዓይኔ ቀልቶ፣ ጸጉሬ ሸብቶ ነው። አልጋ በአሥር ብር ያዝኩ። ሽሮ ከበላሁ በኋላ የሆቴሏ ባለቤት ስሙን ብቻ የሰማሁትን የአገሩን ነጭ ማር በዳቦ አቀረበችልኝ። ከዚያ «ከጽጽቃ ወዲህ» ያለውን መንደር መጠየቅ ጀመርኩ። የሆቴሏ ባለቤት ጽጽቃ ሳልደርስ በስተግራ ነው አለችኝ። አንድ ፖሊስ የለም፣ በስተቀኝ ነው አለ። ገበያ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ ቆይተው በአማርኛ «ቅርብ ነው» አሉኝ። ያ ሁሉ ክርክር ስለ ቅርብነቱ መሆኑን እግዜር ይወቅ።

ነገሩን ያቃናልኝ አያ ሞላ ነው። አህያ ላይ ጨውና አቡጀዲ ጭኖ ወደ አገሩ ወደ ጽጽቃ የሚመለስ፣ ጢሙ የሸበተ ነጋዴ ነው።

«ወዲህ ያለህ ሰው የት ቆሞ ነው?» አለኝ።

«ባሕር ዳር።»

«እግሩን አልጠየቅሁህም። ልቡ የት ቆሞ ነው? የሰቆጣ ሰው ወዲህ ሲል አንድ ነው፤ የመንደሩ ሰው ወዲህ ሲል ከጽጽቃ ወዲያ ማዶ ነው። ማንን ነው የምትፈልግ?»

«ወይዘሮ አበሩ የሚባሉ።»

«አበሩን ነው? ጎረቤታችን ናት እንጂ! ምን ፈልገህ ነው?»

የእናቴ ትእዛዝ ትዝ አለኝና «መልእክት አለኝ፤ ለእሳቸው ብቻ ነው የምነግር» አልኩት።

«ከሩቅ ነው?»

«ከሩቅ ነው።»

«የዘመድ ጉዳይ ነው?»

«አዎ።»

እስከዚያ ድረስ ሲቀልድ የነበረው ሰውዬ ፊቱ ጠቆረ። «አይ አበሩ» ብሎ አህያዎቹን ነዳ። ያጠፋሁት ነገር ያለ መሰለኝ።

ወደ ጽጽቃ

ከሰቆጣ ወደ ምዕራብ ያለው መንገድ ለገበያ ቀን አልፎ አልፎ የጭነት መኪና ቢያልፍበትም የአህያና የሰው መንገድ ነው። እየወረድን ስንሄድ ሙቀቱ እየበረታ፣ ወንዞቹ ደረቅ አሸዋ እየሆኑ ሄዱ። አያ ሞላ በእግሩ ነው፣ እኔ በብስክሌት፤ የሚቀድመው እሱ ነው። አንድ ገደል አፋፍ ላይ ነፋሱ ከጎን መጥቶ ከእነ ብስክሌቴ አንስቶ ጣለኝ። ጉልበቴ ተላጠ፣ የፊት ጎማዬ እንደ ቂጣ ታጠፈ። ድንጋይ ላይ አስደግፌ በእግሬ ረግጬ ለማቃናት ሞከርኩ፤ ራጂ ቀየርኩ። ክብ ሊሆንልኝ ግን አልቻለም። ከዚያ በኋላ ብስክሌቱ እያነከሰ፣ እኔም እያነከስኩ ሄድን።

አያ ሞላ ቤቱ አሳደረኝ። ሚስቱ እግሬን አጠበችኝ፤ የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረበችልኝ፤ የተሻለውን መደብ ለቀቀችልኝ። ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየገቡ በዝግታ ሰላም ይሉኝና ይቀመጣሉ። በኽምጣኛ ሲንሾካሾኩ አበሩ የሚለውን ስም እየሰማሁ ሌላውን አላውቀውም። አንዲት አሮጊት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና «አንተም ልጄ፣ ምን ዕዳ ያዘህ» አሉኝ። እንግዳ ሲመጣ እንደዚህ የሚያዝን አገር አይቼ አላውቅም።

«አሁን ደርሼ ልምጣ፤ ገና ብርሃን ነው» አልኩት አያ ሞላን።

ደነገጠ። «አሁን አይሆንም! ጠዋት፣ ጎህ ሲቀድ ነው የምንሄድ። እኛም አብረንህ እንሄዳለን።»

የአገሩ ወግ ይሆናል ብዬ እሺ አልኩ።

ጎህ ሲቀድ

ስነሳ ደጁ በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አያ ሞላ ከፊት፣ እኔ ብስክሌቴን እየገፋሁ መሃል ላይ፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ ወደ ማዶው መንደር ወጣን። ብርዱ ይሆናል እንዲህ ያስለበሳቸው አልኩ። እውነቱን ለመናገር ይህን ያህል ሰው ስላጀበኝ ትንሽ ኩራትም ተሰምቶኝ ነበር።

አክስቴ አበሩ ለእሳት የሚሆን ጭራሮ ልታነሳ ደጅ ወጥታ ነበር። ቀና ብላ ሰልፉን አየች። ልብሳቸውን አየች። እኔን፣ ከከተማ የመጣሁትን ባዕድ፣ አየች። ጭራሮው ከእጇ ወደቀ።

«ልጄን! ልጄን ነው! ዓረብ አገር በላት!»

መሬት ላይ ተጣለች። ሴቶቹም እንደ አንድ ሰው ጮኹ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር እንደ ውሃ ወርዶብኝ የገባኝ። ልጇ ሥራ ፍለጋ ዓረብ አገር ሄዳለች፤ ከሩቅ መጥቶ «ለእሳቸው ብቻ የምነግር መልእክት» የሚል ሰው መርዶ ነጋሪ ነው። ለመርዶ ያጀበኝን ሰው ነው እኔ የኮራሁበት።

«አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ። «ልጅዎን አላውቃትም! እኔ የወርቄ ልጅ ነኝ! የእህትዎ የወርቄ!»

ለቅሶው ባንዴ ቀጥ አለ።

«የማን?» አለ አያ ሞላ።

«የወርቄ።»

«ታዲያ ትናንት አፍ አልነበረህም?» የተቆጣው መቆጣት አሁንም ይሰማኛል።

አክስቴ ከመሬት ተነስታ ተቀመጠች። «ልጄ ደህና ናት?»

«አላውቅም እትዬ፤ ስለ እሷ የሰማሁት የለም። እኔ የመጣሁት ከወርቄ ነው።»

«ወርቄ ሞታለች» አለች ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። «ኮረም መጠለያው ውስጥ ሞተች ብለው አረዱኝ። ዝናቡ ተመልሶ እኔም ለአቅሜ ስደርስ ተዝካሯን እኔ ነኝ ያወጣሁ። እነዚህ ሁሉ በልተዋል።»

ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በልተዋል። እኔ ደግሞ የሞተች ሴት ልጅ ሆኜ ጎማው የታጠፈ ብስክሌት ይዤ መሃላቸው ቆሜያለሁ። ለአፍታ፣ እውነት ለመናገር፣ እኔም ተጠራጠርኩ። ባሕር ዳር ያለችው ሴትዮ ማን ናት?

አክስቴ ቤት አስገብታ በሶ በጥብጣ አጠጣችኝ፤ «እንግዳው» እንጂ «ልጄ» አላለችኝም። ፊቴን ደጋግማ ታያለች። «ጉንጭህ እሷን ይመስላል» አለች በመጨረሻ። «ግን ሰው ሰውን ይመስላል። ልጄ ስትደውል ሰቆጣ ስልክ ቤት ሄጄ ነው የማናግራት። እናትህ ካልሞተች በስልክ ትናገር።»

ስልክ ቤት

ለገበያ ቀን አብረን ተነሳን። እሷ ለገበያ የሚሆን እንቁላል በዘንቢል ይዛ፣ ዱላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ከፊት ትሄዳለች፤ እኔ ብስክሌቱን እየገፋሁ ከኋላ። ዳገት ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። «ዕቃህን ልያዝልህ?» ትለኛለች፣ ያለ ቀልድ። መንገድ ላይ ስለ ተዝካሩ ነገረችኝ፤ ስንት ቄስ እንደመጣ፣ ጠላው እንዴት እንዳማረ። የእናቴን ተዝካር ጠላ እያመሰገንኩ ሄድኩ። ምን ልበል?

ሰቆጣ ስልክ ቤት ገብተን ባሕር ዳር ሱቄ አጠገብ ላለው ባለሱቅ ደወልኩለት፤ እናቴን እንዲጠራት ለምኜ ዘጋሁ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። አክስቴ ጫማዋን አውልቃ አቧራውን አራገፈች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። እንደገና ስደውል እናቴ አነሳችው። መነጋገሪያውን ለአክስቴ ሰጠኋት።

«ማን ልበል?» አለች አክስቴ በደረቁ።

ከውስጥ የእናቴ ድምፅ በቀጭኑ ይሰማኛል።

«ወርቄማ ሞታለች» አለች አክስቴ። «… አልሞትኩም ማለት ለማንም ይቀላል።»

ከዚያ አክስቴ በኽምጣኛ አንድ ነገር ጠየቀች። አጭር ነገር ናት፣ ሦስት አራት ቃል። መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ። ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ፣ በኽምጣኛ።

እናቴ ኽምጣኛ ስትናገር በዕድሜዬ ሰምቻት አላውቅም። ድምፁ የእሷ ነው፣ ቋንቋው የእሷ አይደለም፤ ወይም ያ ቋንቋ ነው የእሷ፣ እኔ የማውቀው አይደለም። ፈጥና፣ ሳትተነፍስ ነበር የምትናገረው። አክስቴ ግድግዳውን ተደገፈች። ጮኸችባት። እናቴም ጮኸች። ከዚያ አክስቴ ሳቀች፣ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ፣ እንባዋን ሳትጠርግ እንደገና ተቆጣች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ከዚህም ከዚያም አንድ ቃል አልያዝኩም። የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ሰዓቱ መሄዱን ቢነግራት በእጇ ዝም አሰኘችው።

ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ አቀፈችኝ፤ አንገቴን እያገላበጠች ሳመችኝ፤ «ልጄ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ምን ተባባላችሁ?»

«ስለ ፍየል ነው» አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች። ከዚህ በላይ አልነገረችኝም።

ወደ ቤት

ስመለስ ነፋሱ ከኋላዬ ይገፋኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ዞሮ ጠበቀኝ። በዚያ ጎማ ኮረም እስክደርስ ታገልኩና አውቶቡስ ያዝኩ። መስኮቱን ተደግፌ የማስበው ስለ ፍየል ነበር። ሠላሳ ዓመት ያልተያዩ እህትማማቾች፣ አንዷ የሌላዋን ተዝካር ያወጣች፣ ፍየል? በኽምጣኛ ፍየል የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም ይኖረው ይሆን እያልኩ ሁሉ አሰብኩ።

ለሚጠይቁኝ ብስክሌተኞች የምለው ይህ ነው፦ ወደዚያ አገር የምትሄዱ ካላችሁ ራጂ አብዝታችሁ ያዙ፣ ጉዳያችሁንም ፊት ለፊት ተናገሩ። ለራሴ የተማርኩት ግን ይህን ያህል ግልጽ አይደለም። እናቴን የማውቃት ይመስለኝ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ፣ በሌላ ቋንቋ የምትቆጣና የምትስቀው፣ ማን እንደሆነች ለማወቅ ያን ሁሉ ዳገት ገፍቼ ያገኘሁት ድምፅዋን ብቻ ነው። ያም አይናቅም።

ባሕር ዳር ስገባ እናቴ ደጅ ተቀምጣ ሽሮ ስትነፋ አገኘኋት። ወንፊቱን አስቀመጠች። ተሳሳምን። ስለ አክስቴ ፊት፣ ስለ ቤቷ፣ ስለ ጥርሷ ሳይቀር ጠየቀችኝ። ሁሉን ከነገርኳት በኋላ «የምን ፍየል ነው?» አልኳት።

ወንፊቱን መልሳ አነሳችው። ጥቂት ነፋችና ተወችው።

«የአበሩ ነበረች። ከእጇ ነበር የምትበላ፣ እንደ ልጅ ትከተላት ነበር። ኮረም ወስደሽ ሽጪና እህል ይዘሽ ነይ አሉኝ እናቴ። አበሩ እስከ ወንዙ እያለቀሰች ሸኘችን። እህል ይዤልሽ እመጣለሁ አልኳት። ኮረም ሳልደርስ ሞተችብኝ፣ መንገድ ላይ፣ በውሃ ጥም።» መዳፏን ገልብጣ አሳየችኝ። «ባዶ እጄን እንዴት ብዬ ልመለስ? ከሚሄደው ሰው ጋር ሄድኩ።»

አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው ያን ጊዜ። ከዚያ በኋላ ያለፈውን ዓመት ሁሉ፣ እኔን ሳይቀር፣ ከዚያች ፍየል ጋር ላገናኘው ሞከርኩ። አልገጥም አለኝ።

«እማዬ፣ ለአንዲት ፍየል ብለሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። ቋንቋዋን የማይሰማ ሰው እንደምታይ ነው ያየችኝ።

«ያለችን እሷ ብቻ ነበረችና ልጄ» አለችኝ።